የቤት ስምና የውጭ ምስክር

በር ሲንኳኳ «ማነው?» እንላለን። መልሱም የታወቀ ነው፤ «እኔ ነኝ»። ልብ ብላችሁ ከሆነ ይህ መልስ ምንም አይናገርም። በዚህች ምድር ላይ «እኔ» ያልሆነ ሰው የለም፤ ሌባም ቢሆን በር ላይ ተይዞ ቢጠየቅ ከዚህ የበለጠ እውነት የሚናገር አይመስለኝም። እኛ ግን መቀርቀሪያውን እንስባለን። ድሬዳዋ ላይ ደግሞ ይኸው ባዶ መልስ በየቋንቋው ይሰጣል። ኦሮምኛ ተናጋሪው «አና» ይላል፣ ሶማልኛ ተናጋሪው «ዋ አኒጋ» ይላል፣ በሩ ለሁሉም ይከፈታል። ምክንያቱም የምንሰማው ድምፁን ነው። ድምፁን እናውቀዋለን፣ የባለ ድምፁን እናት እናውቃለን፣ እናቲቱ ባለፈው ሳምንት ከየትኛዋ ጎረቤት ጋር እንደተኳረፈችም እናውቃለን። ከዚህ ወዲያ ምን መታወቂያ ያስፈልጋል?

ጣጣው የሚመጣው በማያውቁን ሰዎች ዘንድ «እኔ ነኝ» ያልን ቀን ነው። አበው «ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» ይላሉ። እኔ በበኩሌ ለጅቡ አዝንለታለሁ። ቁርበት መፈለጉ ነውር አልነበረም፤ ጥፋቱ ማንነቱን የሚመሰክርለት ሰው ሳይዝ መሄዱ ነው። ይህን የምላችሁ እንደ ዳኛ ሆኜ እንዳይመስላችሁ። እንደ ጅቡ ሆኜ ነው።

የምሠራው ከዚራ በሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ ጥላቸው መንገዱን ካለበሰ ዛፎች ሥር ባለ አንድ የግል የጤና ኮሌጅ ነው። ሥራዬ ኮምፒውተር ነው። በስሜ የሚጠራኝ የለም፤ ከዲኑ እስከ ጥበቃው ድረስ «አይቲ» ይሉኛል፣ በቅርቡ ደግሞ ሚስቴም ስትናደድ መጠቀም ጀምራለች። ኮሌጁ ሁለት የኢሜይል ሰርቨሮች አሉት። ሰርቨር ማለት ለማታውቁ ደብዳቤ መጥቶ የሚያርፍበት፣ ወጥቶም የሚሄድበት ኮምፒውተር በሉት። አንደኛው የውስጥ ነው። መምህራኑ የዓመት ፈቃድ ይጠይቁበታል፣ የፈተና ጥያቄ ይለዋወጡበታል፣ ለወለደች ባልደረባ መዋጮ ያሳስቡበታል፤ ከግቢው አጥር አይወጣም። ሁለተኛው የውጭ ነው፤ ከሌላው ዓለም ጋር የሚጻጻፈው እሱ ነው። ሁለቱም የሚኖሩት በግቢው ውስጥ የማቀዝቀዣ ማሽኗ በምትሠራ ብቸኛ ክፍል ውስጥ ነው። ስለዚህ ግንቦት ላይ መምህራኑ ስለ ኢሜይላችን ጤና በጣም ይጨነቃሉ። ቀትር ሲሆን ወንበር እየያዙ ይመጡና ሰርቨሮቹን ያስታምማሉ።

እነዚህ ሰርቨሮች እያንዳንዳቸው ሰርተፊኬት አላቸው። ሰርተፊኬት ስል መስታወት ውስጥ የሚሰቀለውን ማለቴ አይደለም፤ የሰርቨር መታወቂያ ነው። ደብዳቤ ይዞ የመጣ የሌላ አገር ሰርቨር ከማስረከቡ በፊት «ማነህ?» ብሎ ይጠይቃል። የኛው መታወቂያውን ያወጣል። እንግዳው መታወቂያውን ገልብጦ ማን እንደፈረመበት ያያል። ዓለም በሙሉ የሚያምናቸው፣ ሥራቸው መመስከር ብቻ የሆነ ድርጅቶች አሉ፤ ከነሱ አንዱ ፈርሞበት ከሆነ ደብዳቤው ይሰጣል። ካልፈረመበት አንዳንዱ እንግዳ እያጉረመረመም ቢሆን ይሰጣል፣ ጥንቁቅ የሆነው ግን ደብዳቤውን ይዞ ወደመጣበት ይመለሳል።

የኛን ማን ፈረመው? እኔ። ኮሌጁ ሊከፈት ጥድፊያ በበዛበት ሰሞን ሁለቱም ሰርቨሮች ራሳቸው ለራሳቸው እንዲመሰክሩ አደረግኩ። በሙያችን እንዲህ ያለውን ሰርተፊኬት «ራሱ ለራሱ የፈረመው» እንለዋለን። ሲሰሙት ነውር ይመስላል፤ ለውጭ ሰርቨር ሲሆን ነውርም ነው። ያደረግኩት ግን ለጊዜው ብዬ ነው። በአገራችን ለጊዜው ተብሎ የተሠራ ነገር የቱን ያህል ዕድሜ እንዳለው ለእናንተ አልነግርም፤ ለጊዜው የተመታ የቆርቆሮ አጥር ስንት ድንጋይ ቤት እንደቀበረ ታውቃላችሁ።

ያደረግኩት በዚህም አላበቃም። ሠራተኛው የውስጡን ኢሜይል በከፈተ ቁጥር ቀይ ማስጠንቀቂያ ይወጣበታል፤ ይህ ቦታ አይታመንም፣ ሌባ ሊሆን ይችላል የሚል ነው። ሰዉ እየደነገጠ ሲጠራኝ «ግድ የለም፣ ቀጥል የሚለውን ተጫኑ» እያልኩ አስተማርኩ። አንድ በአንድ፣ እጃቸውን ይዤ። ተማሪዎቹን «የበሽታ ምልክት አትናቁ» እያለ የሚያስተምር ኮሌጅ፣ ጠዋት ጠዋት ቀይ ምልክት አይቶ «ቀጥል» በማለት ሥራውን ይጀምራል። ከሰጠኋቸው ሥልጠናዎች ሁሉ በደንብ የገባቸው ይኸኛው ነው።

ሲስተር ፈቲያ የመጣችው አንድ ሰኞ ጠዋት ነው። ፈቲያ ከኛው ኮሌጅ የተመረቀች ነርስ ናት። መጋላ ሰፈር ባለች አንዲት ክሊኒክ ውስጥ ትሠራለች፤ መርፌዋ አያምም ስለሚባል እሷ ካልወጋችን ብለው የደቻቱን ወንዝ ተሻግረው የሚመጡ አዛውንቶች አሏት። ባሕር ማዶ ያለ አንድ ሆስፒታል ለመቀጠር ሦስት ዓመት ደጅ ጠንታለች። ፈተናውን አልፋለች፣ ቃለ መጠይቁን ጨርሳለች፤ የቀራት አንድ ነገር ነው። ሆስፒታሉ በቀጥታ ለኮሌጁ ጽፎ «እውነት እናንተ ናችሁ ያስተማራችኋት?» ብሎ መጠየቅ፣ ኮሌጁም «አዎ» ብሎ መመለስ አለበት። ከራሷ እጅ የሚመጣ ወረቀት አይቀበሉም። እነሱ ደግሞ ሁለት ጊዜ ጽፈን መልስ አጣን ብለዋታል። እስከ ዓርብ መልስ ካልመጣ ቦታው ለተጠባባቂዋ ይሰጣል።

የኮሌጁ ሬጅስትራር ወይዘሮ አልማዝ ናቸው። እኒህ ሴት ደብዳቤ ሳይመልሱ አድረው አያውቁም። ሸቀጥ አስተዋዋቂ ለሚልከው ኢሜይል ሳይቀር «ደርሶናል፣ እናመሰግናለን» ብለው ይመልሳሉ። አንድም ደብዳቤ አልደረሰኝም አሏት። ፈቲያ፣ ልከናል ይላሉ አለች። እንግዲህ ይላሉ፣ አሉ ወይዘሮ አልማዝ። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ግን ሁለት እውነተኛ ሰዎች ፊት ለፊት ቆመው አንዱ የሌላውን ቃል ሲያፈርስ፣ ጥርጣሬ ከየት እንደሚመጣ ሳይታወቅ በመካከላቸው ወንበር ስቦ ይቀመጣል። ፈቲያ እኒህ ሴትዮ ሰንፈው ነው አለች በሆዷ፤ ወይዘሮ አልማዝም ይህቺ ልጅ ማመልከቻዋ ውስጥ አንድ ነገር አበላሽታለች አሉ በሆዳቸው። በሆዳቸው ያሉትን ያወቅኩት ሁለቱም ተራ በተራ ወደ እኔ መጥተው ስለነገሩኝ ነው።

በመጨረሻ ፈቲያ ሆስፒታሉ የላከላትን ማስረጃ በስልኳ አሳየችኝ፤ ደብዳቤያቸው ተመልሶ ሲመጣባቸው አብሮ የመጣውን ምክንያት። አጭር ነበር። የተቀባዩ ሰርቨር ሰርተፊኬት የታመነ ምስክር ስለሌለው ደብዳቤውን አላስረከብኩም ይላል።

የተሰማኝን ልደብቃችሁ አልፈልግም። አፈርኩ። ያን ሰሞን በስንፍና የፈረምኳት ፊርማ በሰው ልጅ የሦስት ዓመት ልፋት ላይ ተቀምጣለች። ፈቲያ «ምንድነው የሚለው?» ብላ ጠየቀችኝ። «ቴክኒካል ነው» አልኳት። ይህቺ ቃል ለሙያችን ሰዎች እንደ ጋቢ ናት፤ ከራስ እስከ እግር ትሸፍናለች።

ወደ ዲናችን ወደ አቶ ሰይፉ ሄድኩ። አቶ ሰይፉ የባቡር ሠራተኛ ልጅ ናቸው፤ ያደጉት ማህተም ያላረፈበት ትኬት ትኬት ተብሎ በማይጠራበት ቤት ነው። ነገሩን ስነግራቸው ስብሰባ ጠሩ። ሙቀት ስለነበር የተሰበሰብነው ሰርቨሮቹ ክፍል ውስጥ ነው፤ ዲኑ፣ ወይዘሮ አልማዝ፣ የግዢ ክፍሉ ኃላፊ አቶ መሐመድና እኔ። ባለ ጉዳዮቹን ሰርቨሮች ከጀርባችን ሆነው እየሰሙ አማናቸው።

እኔም አስረዳሁ። የውጩ ሰርቨር ዓለም የሚያምነው ምስክር ያስፈልገዋል አልኩ። በነጻ የሚመሰክር ድርጅት አለ፣ የሚጠይቀው ይህ ስም የእውነት የናንተ ነው ወይ የሚለውን ብቻ ነው፣ በየሦስት ወሩ ግን ይታደሳል አልኩ። «በነጻ» ከሚለው ቃል ጀምሮ የሦስቱም ፊት ተለወጠ። አቶ መሐመድ ጉሮሯቸውን ጠራርገው፣ ነጻም ይሁን ውድ ግዢ ግዢ ነው፣ ሦስት ፕሮፎርማ ይቅረብ አሉ። ዋጋ የለውም እኮ አልኳቸው። ዋጋ ከሌለው አንዱን ከሌላው በምን እናወዳድራለን ሲሉ መለሱልኝ። ወይዘሮ አልማዝ በለሆሳስ ማህተሙን የሚያሳርፈው ማነው ብለው ጠየቁ። ማሽን ነው፣ ማህተምም የለውም ስላቸው ለሰርተፊኬቱ አዘኑለት።

ዲኑ ቀና አሉ።

«እኛ ሰርተፊኬት ሰጪ ነን እንጂ ተቀባይ አይደለንም» አሉ።

እየቀለዱ አልነበረም። ስንቱን ነርስ፣ ስንቱን ፋርማሲስት በፊርማቸው ለአገር ያበረከቱ ሰው፣ ለአንድ ኮምፒውተር ብለው የማያውቁትን ሰው ፊርማ ይለምኑ? ደግሞ ነገሩን ትንሽ አሰቡበትና፣ የግድ ከሆነ ግን ለውስጡ ሰርቨር ይሁን አሉ። ጠዋት ጠዋት ዓይናቸው ላይ ቀይ የሚያበራባቸው እሱ ነው።

መሥሪያ ቤት ውስጥ የሠራችሁ ሁሉ ታውቁታላችሁ። ችግር ሁለት ዓይነት ነው፤ አለቃ የሚያየውና አለቃ የማያየው። ሁለተኛው ገና አልተወለደም። የውጩ ሰርቨር ችግር የሚታየው ለባሕር ማዶ ሰዎች ነው፤ ዲናችን ደግሞ ባሕር ማዶ አይደሉም።

ለውስጡ አይሆንም አልኳቸው። ምክንያቱን ለማስረዳት ግን ስለ ቤት ስም ማውራት ነበረብኝ። እኛ ሰዎች ሁለት ስም አለን፤ የቤትና የመዝገብ። አጎቴ ሰባ ዓመት ሙሉ ማሙሽ ሲባል ኖሮ ሲሞት መርዶው በመዝገብ ስሙ ተነገረ፤ ግማሹ ሰፈር የማያውቀው ሰው የሞተ መስሎት ከቀብር ቀረ፣ ሁለቱ ደግሞ ማሙሽን ፈልገው ወሬውን ሊነግሩት ቤት ድረስ መጡ። የውጩ ሰርቨር የተመዘገበ ስም አለው፤ ማንም አገር ሆኖ ቢፈልገው ያገኘዋል። የውስጡን ግን ያቋቋምኩት ቀን አቡሽ ብዬ ነው የሰየምኩት። የዓለም ምስክሮች ለአቡሽ አይፈርሙም። ልክ ናቸው፤ መጋላ መሐል ቆማችሁ «አቡሽ» ብላችሁ ብትጣሩ ስንት ራስ እንደሚዞር እናንተው ገምቱ። ለቤት ስም የሚመሰክር የቤት ሽማግሌ ነው። ስለዚህ ለአቡሽ እዚሁ ግቢ ውስጥ አንድ የራሳችን ፈራሚ እንሰይማለን፣ እኔም በየቢሮው እየዞርኩ እያንዳንዱን ኮምፒውተር ከዚያ ፈራሚ ጋር አንዴ አስተዋውቀዋለሁ፣ ከዚያ በኋላ ቀዩ ይጠፋል።

አቶ ሰይፉ ፊታቸው በራ። ፈራሚው የኛው ነው? የናንተው ነው። የሚፈርመው በኮሌጁ ስም ነው? በኮሌጁ ስም። ጸደቀ። ስለ ውጩስ ብዬ ጠየቅኩ። ስለ ውጩ ኮሚቴ ተቋቁሞ ይጠና አሉ። ዕለቱ ማክሰኞ ነበር፤ ኮሚቴው በሚቀጥለው ሰኞ እንዲሰበሰብ ተወሰነ። ፈቲያ ግን ያላት እስከ ዓርብ ብቻ ነው። አልኩ፣ ደግሜም አልኩ። ዲኑ ጥድፊያ ሥራ ያበላሻል ብለው በጥሩ ሁኔታ መከሩኝ። በእርግጥ ያበላሻል፤ ማስረጃው እኔው ነበርኩ፣ ግን ይህን ለማለት ወኔ አጣሁ።

ረቡዕ ቀትር ላይ ድሬዳዋ እንደ ልማዷ ገሚሷ አሸለበች፣ ገሚሷ ጫቷን ይዛ በርጫ ላይ ተቀመጠች። ግቢው ጭር አለ። እኔ ለብቻዬ ቁጭ ብዬ ኮሚቴው የሚያጠናውን ነገር ሠራሁት። ለዓለሙ ምስክር ጥያቄ ላክሁ፤ ይህ ስም የናንተ መሆኑን አሳይ አለኝ፤ አሳየሁ፤ ፈረመልኝ። ሻይ አዝዛችሁ ስኳር እስክታማስሉ አይፈጅም። በየሦስት ወሩም ራሱ እንዲታደስ አዘዝኩት፤ እኔን እንዳይጠብቅ። ስንት ዓመት ያቆየሁት ሥራ ይህ ነበር። ሥራው ከባድ ቢሆን ኖሮ ያን ያህል ባላፈርኩ።

ለፈቲያ ደውዬ እንደገና ይጻፉ በያቸው አልኳት። ሐሙስ ጠዋት ደብዳቤው ገባ። ወይዘሮ አልማዝ ከደስታቸው ብዛት ወዲያው «ደርሶናል፣ እናመሰግናለን» ብለው መለሱና ዘጉት። ሮጬ ሄጄ ጥያቄ እኮ ነው የጠየቁት አልኳቸው። መነጽራቸውን አድርገው እንደገና አነበቡ፤ ከዚያ ቁጭ ብለው አዎ የኛ ናት፣ ያስተማርናት እኛ ነን፣ ጎበዝ ነበረች ብለው ጻፉ። ጎበዝ ነበረች የሚለውን ሆስፒታሉ አልጠየቀም። ዓርብ ከሰዓት በፊት ቦታው የፈቲያ መሆኑ ተነገራት።

ኮሚቴው ሰኞ ተሰበሰበ። ጉዳዩን ከሁሉም አቅጣጫ መርምሮ የውጩ ሰርቨር የታመነ ምስክር እንዲኖረው ወሰነ። ተሠርቷል አልኳቸው። ቃለ ጉባኤው ላይ «በኮሚቴው ያላሰለሰ ክትትል ተፈጻሚ ሆኗል» ተብሎ ሰፈረ። ዲኑም በጣም ደስ ብሏቸው ለእኔ የምስጋና ምስክር ወረቀት እንዲሰጠኝ አዘዙ። እንዲህ ያለ ነገር እንዴት እንደሚዘጋጅ ታውቁታላችሁ። «አንተው አርቅቀህ አምጣና እፈርምበታለሁ» አሉኝ።

ማክሰኞ ጠዋት ራሴን እያመሰገንኩ ነበር። «ኮሌጁን ያጋጠመውን ከባድ ችግር በከፍተኛ ትጋትና ሙያዊ ብቃት በመፍታታቸው» የሚለው ላይ ደርሻለሁ፤ «ከፍተኛ» ያንስ ይሆን ብዬ እያሰላሰልኩ ሳለ ፈቲያ ለስንብት ገባች። ወይዘሮ አልማዝ ጋ ገብታ ጠርጥሬዎት ነበር፣ አውፍ ይበሉኝ ብላ ይቅርታ ጠይቃ መጥታለች፤ እሳቸውም ጠርጥረዋት እንደነበር ነግረዋት ተላቅሰው ተለያይተዋል። ወደ እኔ ዞራ ምርቃት ጀመረች። ውለታህን አልረሳም፣ አላህ የልብህን ይስጥህ ስትለኝ መቀመጫው ቆረቆረኝ። የሰው ምርቃት እንዲህ እንደሚከብድ አላውቅም ነበር።

«ሲስተር» አልኳት፣ «ጥፋቱ የኔ ነበር። ያን ሰርተፊኬት ራሴ ነኝ እንደዚያ የተውኩት። ያኔ ቴክኒካል ነው ያልኩሽ ፈርቼ ነው።»

«አውቃለሁ» አለች።

«በምን አወቅሽ?»

«አቦ፣ አነበብኩታ! ነርስ ነኝ እኮ፤ የሐኪም ጽሑፍ የማነብ ሰው ይሄ ያቅተኛል?»

«ታዲያ ለምን ለዲኑ አልተናገርሽም?»

ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች።

«ብናገርብህ ኖሮ እስከ ዛሬ ራስህን ስትከላከል ትውል ነበር። እኔ ደግሞ እዚሁ ቁጭ ብዬ እሰማህ ነበር» አለች። «ወላሂ፣ እኔ የምፈልገው መልስ ነበር። ጥፋተኛ ይዤ አውሮፕላን ላይ አልሳፈር።»

ከሄደች በኋላ በስንት ስብሰባ ላይ፣ በስንት መሥሪያ ቤት፣ ጥፋተኛው ሲፈለግ ሥራው ቆሞ እንደቀረ አሰብኩ። ይህቺ ልጅ ሦስት ዓመት ደጅ ስትጠና ምናልባት የተማረችው እሱን ነው። እኔን ልታዋርደኝ ትችል ነበር፤ ቸኩላ ነበርና ተወችኝ። ውለታ ከተባለ የዋለችው እሷ ናት።

ወደ ረቂቁ ተመለስኩ። «ኮሌጁን ያጋጠመውን ከባድ ችግር» የሚለውን አጥፍቼ «ራሳቸው የፈጠሩትን ከባድ ችግር» ብዬ ጻፍኩ፣ ሌላው እንዳለ ሆኖ። አትሜ ለአቶ ሰይፉ ወሰድኩላቸው። ፈረሙ፣ ማህተሙንም በገዛ እጃቸው አሳረፉበት፣ ጀርባዬንም መታ መታ አደረጉኝ።

አሁን መስታወት ውስጥ ገብቶ መግቢያው ላይ ተሰቅሏል። ተማሪ ያየዋል፣ መምህር ያየዋል፣ እንግዳ ያየዋል፤ ሁሉም እንኳን ደስ ያለህ ብሎኛል። እስካሁን ያነበበው የለም።